ፕሮቤሽን ላይ ነኝ... እንኳን ደስ አላችሁ!

መዋሸት የማይሆንላችሁ ሰዎች ካላችሁ አንድ ምክር አለኝ፤ አትልፉ፣ እንግሊዝኛ ቀላቅሉ! በአማርኛ ሲዋሽ ፊት ይቀላል፣ ምላስ ይንተባተባል፣ ከዚያ ደግሞ "እስቲ ማርያምን በይ" ይመጣል። እንግሊዝኛ ጣል ስታደርጉበት ግን እናንተ እውነቱን ትናገራላችሁ፣ ውሸቱን ሰሚው ራሱ ይሠራላችኋል። ይኸው እኔ፣ አንዲት የውሸት ቃል ከአፌ ሳትወጣ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከተከሳሽነት ወደ መንግሥት ሠራተኛነት አድጌአለሁ። ያለ ውድድር! ያለ ዲግሪ! የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀቴን እንኳ አሳዪ ያለኝ የለም።

ከሥሩ ልንገራችሁ። ስትሰሙ ግን አትፍረዱብኝ፤ እሱን ዳኛዋ ጨርሳዋለች።

ዊኒፔግ እያለሁ አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ጓደኛ ስል... ገብቷችኋል። ሦስት ዓመት ሙሉ "ትንሽ ታገሺ፣ ነገሮች ይስተካከሉ" ሲለኝ ቆየ። ነገሮቹም ተስተካከሉ፤ ከሌላ ሴት ጋር። ይህንን የሰማሁት ደግሞ ከእሱ አፍ እንዳይመስላችሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ ሲነበብ ነው! "ቀለበት ያሰሩ ልጆቻችን..." ሲባል እናቴ አጠገቤ ቆማ እልልታዋን ለቀቀችው። ስሙ ሲጠራ "እልል" የሚለው "እል" ላይ ቆመ። እስከ ዛሬ ድረስ ያቺ "ል" የት እንደገባች አናውቅም።

እኔ ወጣሁ። የእሱ መኪና ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማለች። በረዶ የሚዛቅበት አካፋ ደግሞ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቀኛል። እኔ ምን ላድርግ? አንዱን ስፖኪዮ ከቀኝ፣ ሌላውን ከግራ አወረድኳቸው። መስኮቱን አልነካሁም፣ ቀለሙን አልጫርኩም፤ ሥርዓት ያላት ልጅ ነኝ። ፍርድ ቤትም ስጠየቅ የመጣልኝን ተናገርኩ።

"ክብርት ዳኛ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ለማያይ ሰው ስፖኪዮ ምን ያደርግለታል?"

ጠበቃዬ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። ዳኛዋ በጥርሷ ጫፍ እንኳ አልሳቀችም።

የጥፋቴ ስም "ሚስቺፍ" ይባላል። መዝገበ ቃላት ከፍቼ ባየው ልጆች የሚሠሩት ተንኮል ነው ይላል። በሃያ ስድስት ዓመቴ በልጅነት በሽታ ተከስሻለሁ ማለት ነው! የመጀመሪያ ጥፋቴ ስለሆነ የወንጀል ሪከርድ ሳይጻፍብኝ የአንድ ዓመት ፕሮቤሽን ተሰጠኝ። አልታሰርኩም፣ ግን አልተለቀቅሁምም። ፕሮቤሽን ኦፊሰር የሚባል ሰው ተመድቦልኝ እየሄድኩ ሪፖርት አደርጋለሁ። ያለ ፈቃድ ከማኒቶባ አልወጣም። ለስድስት ወር ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ቤቴ መገኘት አለብኝ። ከሁሉ በላይ ደግሞ "ኪፕ ዘ ፒስ" ይላል ወረቀቱ፤ ሰላም ጠብቂ! የዊኒፔጉ ኦፊሰር የስሜን ትርጉም ጠየቀኝ።

"ሰላማዊት። ሰላም ያላት፣ ሰላም ወዳድ ማለት ነው" አልኩት።

ወረቀቱን አየ። እኔን አየ። ወረቀቱን መልሶ አየ። ምንም ሳይጽፍ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።

ዊኒፔግ ከዚያ በኋላ አልኖር አለችኝ። ከተማው ሰፊ ነው፣ የእኛ ሰው ግን አንድ አፍ ነው ያለው። እንጀራ ልገዛ ስገባ ሴቶቹ ዞር ብለው መኪናቸውን ያያሉ። "ሰላም ስፖኪዮ" የሚል ስም ወጣልኝ፤ እንዲያውም አንዷ ፊት ለፊቴ "ስፖኪዮዬ፣ ደህና ነሽ?" ብላኛለች። ሰርጉ ደግሞ እየደረሰ ነው። በዚህ መሃል ነው ካልጋሪ ሥራ የተገኘልኝ። የት? መስታወት ፋብሪካ! አትሳቁ። መስኮት ይሠራሉ፤ የእኔ ሥራ የተሰነጠቀውን እየለዩ ማውጣት ነው። ኦፊሰሩ "መስታወት ነው ያልሽው?" ብሎ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

እንግዲህ እዚህ አገር ሌላው ሰው ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ሲሄድ ሻንጣውን ማንሣት ብቻ ነው። ፕሮቤሽን ላይ ያለ ሰው ግን መሸኛ ያስፈልገዋል። አዎ፣ ያ የቀበሌው መሸኛ! አባቶቻችን ከቀበሌ ቀበሌ ሲዛወሩ የተሰለፉለት ወረቀት ውቅያኖስ ተሻግሮ ጠበቀኝ። ማኒቶባ "ትሂድ" ትላለች፣ አልበርታ ደግሞ "ትምጣ" ማለት አለባት። አልበርታ "ትምጣ" የምትለው የካልጋሪዋ ኦፊሰር የማርፍበትን ቤት በዓይኗ አይታ፣ የቤቱ ባለቤት ጉዳዬን አውቀው "እሺ፣ ትኑር" ካሉ ብቻ ነው። እስከዚያ የስድስት ሳምንት ፈቃድ ተሰጠኝ። ባለቤቱ እምቢ ካሉ፣ ወይም ቤቱ ኦፊሰሯን ደስ ካላላት... ሥራውም ቀረ፣ እኔም ተመልሼ ወደ ሰርጉ ከተማ!

ማረፊያ የፈለገችልኝ እናቴ ናት። እትዬ ዘነበች የሚባሉ ጉለሌ አብረው ያደጉ ጓደኛ አሏት፤ ካልጋሪ ሳድል ሪጅ የሚባለው ሰፈር የራሳቸው ቤት አላቸው። ደወለችላቸው። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ።

"ዘነቡዬ፣ ሰላምዬ እኮ ፕሮቤሽን ላይ ናት።"

"አትዪኝም! የት?"

"መንግሥት ጋ ነዋ።"

"የመንግሥት?! እሰይ! እሰይ!"

"አሁን ወደ እናንተ ከተማ ትራንስፈር ጠይቃ ሱፐርቫይዘሯ ፈቅዶላታል። የጎደላት ማረፊያ ብቻ ነው።"

"ማረፊያ ብሎ ነገር! እኔ ሞቻለሁ? ቤዝመንቱ ባዶውን ነው ያለው!"

ስልኩ ሲዘጋ "እማዬ!" ብዬ ጮህኩ።

"ምን ሆንሽ? ምን ዋሸሁ?" ብላ ጣቷን መቁጠር ጀመረች። "ፕሮቤሽን ላይ አይደለሽም?"

"ነኝ።"

"የመንግሥት አይደለም?"

"ነው።"

"ትራንስፈር አልጠየቅሽም?"

"ጠይቄያለሁ..."

"እና ታዲያ! ሌላው የራሷ ጆሮ ጉዳይ ነው።"

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ። እናቴን ግን ምን ብላችሁ ትፈርዱባታላችሁ? ጠበቃ መሆን ሲገባት የልብስ መስፊያ ቤት ውስጥ ያለቀች ሴት ናት።

ካልጋሪ ስገባ እትዬ ዘነበች በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አጠገባቸው ልጃቸው ኤደን፣ እዚሁ የተወለደች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ "እንኳን ደስ አለሽ" የሚል ኬክ ይዛለች። ኬክ! ለተፈረደበት ሰው ኬክ ሲቆረጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቆርጫለሁ። ቫኒላ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ ጥያቄው ተጀመረ።

"ዛሬ ቢሮ ነሽ እንዴ፣ ሰላምዬ?"

"አዎ እትዬ፣ አዲሷን ሱፐርቫይዘሬን ላገኛት ነው።"

"ስንት ሰዓት ትውያለሽ?"

"ሃያ ደቂቃ።"

"ለቀኑ?"

"ለሁለት ሳምንቱ።"

እትዬ ዘነበች ማንኪያውን አስቀመጡት። "ወይ የመንግሥት ሥራ! እኔ ሆስፒታል ማድ ቤት ቆሜ እግሬ እንዲህ አብጦ... በሁለት ሳምንት ሃያ ደቂቃ! እንግዲህ ዓመት ከሞላሽ ቋሚ ያደርጉሻል?"

"ኧረ እግዜር አያድርገው!"

"ምነው? ጥቅማ ጥቅም የለውም?"

"አይ እትዬ... ዓመቴን ስጨርስ ብለቅ ነው የምመርጠው።"

"እንዳታደርጊው! ልጅነት ነው ይሄ! ሙጭጭ ብለሽ ያዢው!"

የመስታወት ፋብሪካውን እንደ ትርፍ ሥራ ነው የቆጠሩልኝ። "ታታሪ ናት፣ ሁለት ቦታ ነው የምትሠራው" እያሉ ያስተዋውቁኛል። ወሬው ሳምንት ሳይሞላው ከሳድል ሪጅ እስከ ሜይላንድ ሃይትስ ደረሰ። እሑድ እሑድ የሚመጣው እንግዳ በዛ። አንዷ የወንድሟን የቪዛ ወረቀት ይዛ መጣች፤ "ከውስጥ ሆነሽ ብታይልኝ" አለችኝ።

"እኔ እኮ እዚያ ቢሮ ምንም ሥልጣን የለኝም። ተቀመጪ ሲሉኝ የምቀመጥ ሰው ነኝ" አልኳት። እውነቴን ነው!

"አቤት ትሕትናዋ!" አለች ወደ እትዬ ዘነበች ዞራ።

ሌላው ደግሞ በትራፊክ ተከሰው ፍርድ ቤት ሊቀርቡ ነው። ምክር ጠየቁኝ። "ከዳኛ ጋር አይቀልዱ፤ በተለይ ስለ ስፖኪዮ" አልኳቸው።

"እንዴት አወቅሽው?"

"ልምድ ነው።"

"ልምድ!" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከአንድ ፕሮፌሰር አፍ የወጣ ይመስል።

አሁን እስቲ ፍረዱ። ያው አንዷ ሰላማዊት ነኝ። በቦርሳዬ ያለው ያው አንድ ወረቀት ነው። ዊኒፔግ ውስጥ ያ ወረቀት ሰው ያሸሽብኛል፤ እዚህ ወንበር ያስለቅቅልኛል። የእኛ ሰው መንግሥት የሚባል ነገር ሲሸተው ጎንበስ ይላል፤ መንግሥት ሊቀጥራችሁ ይሁን ሊያስራችሁ የፈለጋችሁ አይጠይቅም። እኔም ብሆን ቅድስት አይደለሁም። እንግዳ ሲነሣልኝ፣ እትዬ ዘነበች ከወጡ ውስጥ የዶሮውን ፈረሰኛ ለእኔ ሲያወጡ... ደስ ይለኝ ነበር። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል!

ጉዳዩን ቀድማ የደረሰችበት ኤደን ናት። ወረቀቴን ጠረጴዛ ላይ ረስቼው አገኘችው።

"ዌይት... ዌይት። ይሄ እኮ ኮርት ኦርደር ነው።"

"አዎ፣ ነው።"

"የሰውዬውን ሚረር ሰበርሽ? ቦዝ?"

"ሁለቱንም።"

"ኦ ማይ ጋድ። አይ ላቭ ዩ።" ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። "ባት ማሚ፣ ላይክ፣ አታውቅም እኮ! ኦፊሰሯ ቤት ስትመጣ ትጠይቃታለች።"

"አንቺ ንገሪልኝ፤ እናትሽ ናት።"

"ሚ? ኖ ዌይ! ክሪሚናሏ አንቺ ነሽ!"

ልነግራቸው ሞክሬያለሁ፤ በማርያም! አንድ ቀን ሽንኩርት ሲልጡ አጠገባቸው ተቀመጥኩና "እትዬ፣ ስለዚያ ቢሮ አንድ የምነግርዎ ነገር..." ብዬ ስጀምር እጃቸውን አፌ ላይ አደረጉት። ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል እጃቸው።

"ተይ! የመንግሥት ሚስጥር አላስወጣሽም። እኔ እንደሌላው ሴት ወሬ አልቆፍርም።"

እንግዲህ ምን ላድርግ? ዓይኔ አለቀሰ፤ በሽንኩርቱ ነው ብለው አለፉት። የፈሩት ይደርሳል ነውና አምስተኛው ሳምንት ላይ ኦፊሰሯ፣ ብሬንዳ ትባላለች፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤት ልታይ እንደምትመጣ ደወለችልኝ።

"እትዬ፣ ሱፐርቫይዘሬ ሐሙስ ትመጣለች።"

"ትመጣለች አትበዪ! ይመጣሉ በዪ፤ አለቃ ናቸው እኮ! ስለ አንቺ ሊጠይቁኝ ነው?"

"አዎ... ቤቱንም ያያሉ፣ እርስዎንም ይጠይቃሉ። እትዬ፣ ከዚያ በፊት ግን..."

"በቃ! ለእኔ ተይው። እንዲህ አድርጌ ነው የምመሰክርልሽ፤ በነጋታው እድገት ይሰጡሻል!"

ሐሙስ ዕለት እትዬ ዘነበች ለሰርግ የሚለብሱትን ቀሚስ ለብሰዋል። ሳምቡሳው ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ ተደርድሯል። ብሬንዳ ቡትስ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፤ ካልሲዋ ላይ የድመት ሥዕል አለበት። ረጋ ያለች ሴት ናት። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ኤደን "የጥናት ጊዜዬ ነው" ብላ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ የያዘችውን መጽሐፍ ገልብጣ ይዛዋለች።

"ሰላማዊት እዚህ እንድትኖር ፈቃደኛ ነዎት?" አለች ብሬንዳ።

"የስ! የስ! ላይክ ማይ ዶተር!"

"በጣም ጥሩ። ፕሮቤሽን ላይ መሆኗንስ ያውቃሉ?"

"ኦፍ ኮርስ!" እትዬ ዘነበች ሳቁ። "ኤቭሪባዲ ስታርት ፕሮቤሽን!"

"ይቅርታ... ሁሉም ሰው?"

"ሚ፣ ፕሮቤሽን! ማይ ሃዝባንድ፣ ፕሮቤሽን! ሂር..." ብለው ወደ ደረጃው ጠቆሙ። "ማይ ዶተር ኤደን፣ ላስት ሰመር፣ ፕሮቤሽን!"

የብሬንዳ እስክሪብቶ ቆመ። ቤት ሲታይ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ እዚያ ቤት ሌላ የፍርድ ቤት ጉዳይ ያለበት ሰው አለ ወይ የሚለው ነው። እኔ ስለ ራሴ ስጨነቅ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ወንጀለኛ ሆኖ ቁጭ!

"ባለቤትዎ በምን ምክንያት ነበር?" አለች ብሬንዳ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ድራይቪንግ!" አሉ በኩራት። ጋሼ፣ ባለቤታቸው፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናቸው።

ብሬንዳ ጻፈች። "ልጅዎስ?"

"ሹስ! ኢን ዘ ሞል! ሜኒ፣ ሜኒ ሹስ!" ኤደን ባለፈው የትምህርት ዕረፍት ጊዜ ጫማ መሸጫ ውስጥ ነው የሠራችው።

ብሬንዳ ኤደንን አየቻት። ኤደን መጽሐፉን ፊቷ ላይ ደፋችው፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

"እርስዎስ... መናገር ከፈለጉ ብቻ?"

"ሚ፣ ናይፍ!" ብለው እትዬ ዘነበች በእጃቸው አየሩን እንደ ጎመን ከተፉት። "ሆስፒታል! ቬሪ ፋስት! ኤቭሪባዲ አፍሬይድ!"

ብሬንዳ ሳምቡሳዋን ቀስ ብላ ወደ ሳህኑ መለሰችው። ሶፋው ላይ ትንሽ ወደ በሩ በኩል ጠጋ ያለች መሰለኝ።

"ሌላ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ሰላማዊት ማታ ማታ ቤት ትገኛለች?"

"ብሬንዳ፣ እዚህ ላይ እንኳ..." ብዬ ጀመርኩ። እትዬ ዘነበች በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። የሚጠብቁት ጥያቄ ኖሯል!

"ሆም? ኖ! ኔቨር! ሺ ወርክ፣ ወርክ፣ ወርክ! ኦል ናይት! ሺ ኔቨር ስሊፕ ሂር!"

እናንተዬ! ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ፒጃማ ለብሳ ድራማ የምታይ ልጅ! ማታ ከቤት መጥፋት በሌላው ያገራችን ሰው ዘንድ ነውር ነው፤ በእትዬ ዘነበች ዘንድ የሥራ ፍቅር ነው። በፍርድ ቤቱ ወረቀት ዘንድ ግን... በቀጥታ ወደ ዊኒፔግ ነው፤ ያውም በአዲስ ክስ። ብሬንዳ ደብተሯን መዝጋት ጀመረች። ያን ድምፅ ስሰማ ወንበሩም፣ ፈረሰኛውም፣ ትሕትናዬም ከአእምሮዬ ጠፉ።

"እትዬ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ያቁሙ። ሥራ አይደለም።"

"ምኑ?"

"ፕሮቤሽኑ። የፍርድ ቤት ነው። ይህቺ ሴትዮ አለቃዬ አይደለችም፤ ፍርዴን የምትከታተል ናት። መኪና ሰብሬ ተፈርዶብኝ ነው የመጣሁት።"

በእትዬ ዘነበች ፊት ላይ የነበረው ፈገግታ መሄጃ አጥቶ እዚያው ቆመ።

"የማንን መኪና?"

"ሦስት ዓመት አስጠብቆኝ ሌላ ቀለበት ያሰረውን።"

"በምን ሰበርሽው?"

"በአካፋ።"

"ምኑን?"

"ስፖኪዮዎቹን።"

"ብቻ?"

"ብቻ።"

"ምን እየተባባላችሁ ነው?" አለች ብሬንዳ፣ ደብተሯን እንደ ጋሻ ደረቷ ላይ ይዛ። ይሄኔ ኤደን ከደረጃው ወረደች፤ ዓይኗ በእንባ ርሷል። በጥርት ያለ የካልጋሪ እንግሊዝኛዋ አስረዳቻት፤ በእኛ ሰው ዘንድ ፕሮቤሽን ማለት አዲስ ሥራ ሲጀመር ያለው የሦስት ወር ሙከራ እንደሆነ፣ አባቷ አውቶቡስ እንደሚነዳ፣ እናቷ ሽንኩርት እንደምትከትፍ፣ እሷም ጫማውን ሸጠች እንጂ እንዳልሰረቀች። እኔም ማታ ማታ እንዴት እንደማንኮራፋ በድምፅ አሳየቻት። ለዚህኛው እንኳ አመሰግናታለሁ።

ብሬንዳ ከንፈሯን ነክሳ የጻፈችውን አንድ በአንድ ሰረዘች። ከዚያ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ወደ እትዬ ዘነበች ዞረች። "አሁን እውነቱን አውቀዋል። ግዴታ የለብዎትም። ለማሰብ ጊዜ ከፈለጉ እጠብቃለሁ። እዚህ ትኑር ነው የሚሉት?"

ኤደን ተረጎመችላቸው።

እትዬ ዘነበች እኔን አዩኝ። ሳምቡሳውን አዩት። በመስኮት ወደ ጎረቤት አዩ። እኔ በሐሳቤ ሻንጣዬን ዘግቼ አውቶቡስ ላይ ወጥቻለሁ።

"ይሄን እዚህ ከተማ ስንት ሰው ያውቃል?" አሉኝ በአማርኛ።

"ኤደንና ይህቺ ሴትዮ ብቻ።"

"እኔ ግን የመንግሥት ሥራሽን ለስንት ሰው እንደነገርኩ ታውቂያለሽ? ለቅዱስ ሚካኤል ማኅበር በሙሉ! ለዕድሩ! አዲስ አበባ ለእህቴ!" ድምፃቸው እየጨመረ መጣ። "ዛሬ ከቤቴ ብትወጪ ነገ የት ሄደች ሊሉኝ ነው። ምን ልበላቸው? ተባረረች ልበል? የሰው ልጅ ቤቷ አስገብታ አስባረረቻት ሊሉኝ?!"

ምሕረት ያደረጉልኝ እንዳይመስላችሁ። ሒሳቡን ነው የሠሩት። ነውሩን ወዲህ መዝነው፣ ነውሩን ወዲያ መዝነው፣ እኔን ማስቀመጡ ቀለላቸው። አመልካች ጣታቸውን ወደ ጣሪያው አንሥተው ወደ ብሬንዳ ዞሩ።

"ሺ ስቴይ!"

"ማታ ማታስ?" አለች ብሬንዳ።

"ናይት? ኦልዌይስ ሂር! ኦልዌይስ ስሊፕ! ሞርኒንግ ስሊፕ! ቬሪ፣ ቬሪ ሌዚ!"

ብሬንዳ ፈረመች። እትዬ ዘነበችም ፈረሙ። ሳምቡሳውም በፎይል ተጠቅልሎ አብሯት ሊሄድ ነበር፤ ስጦታ መቀበል አይፈቀድልኝም አለች። "አንድ ብቻ፣ ለመንገድ!" ቢሏትም እምቢ ብላ ወጣች። እትዬ ዘነበች በሩን ዘግተው "ለካ እውነትም የመንግሥት ሰው ናት" አሉ። ለእናቴ ደውለው ያሏትን አልጽፍላችሁም፤ ሰላም ጠብቂ ተብያለሁ።

በሳምንቱ ደብዳቤው መጣ፤ አልበርታ ተቀብላኛለች። አልሸሹም ዞር አሉ በሉኝ፤ ቢሆንም የዞርኩት በወረቀት ነው። ዶሮው ሲቀርብ ግን ፈረሰኛው ወደ ጋሼ ተመልሷል፤ ለእኔ ክንፍ ይደርሰኛል። የብሬንዳ ቅድመ ሁኔታዎች ሰባት ናቸው። የእትዬ ዘነበች አንድ ብቻ ነው፤ "አፍሽን ለሰው ከከፈትሽ ሻንጣሽን በር ላይ ታገኚዋለሽ።" ስለዚህ ለካልጋሪ ሕዝብ አሁንም የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። (ይህ ጋዜጣ የሚነበበው በሌላ ከተማ ነው። እትዬ ዘነበች ደግሞ አያነቡም። ምናልባት...)

ታዲያላችሁ ባለፈው እሑድ ጋሼ ሙሉጌታ የሚባሉ፣ ኤሪን ውድስ የሚኖሩ ጨዋ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው መጡ። ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። በእጃቸው ፖስታ ይዘዋል። እትዬ ዘነበች ከማድ ቤት በር ላይ ሆነው በዓይናቸው ይጠብቁኛል።

"የእኔ ልጅ፣ ላስቸግርሽ ነው" አሉ ጋሼ ሙሉጌታ። "አማቼ ሥራ ፈትቶ ስድስት ወሩ። ሲቪውን ይዤልሽ መጥቻለሁ። ለመሆኑ ያንቺ መሥሪያ ቤት ሰው ይቀበላል?"

"ይቀበላል ጋሼ። እስከ ዛሬ ሞልቷል ብሎ የመለሰው ሰው የለም።"

"ተመስገን! እንግዲህ አንድ ቃል ተናገሪለት።"

በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ይዟቸው የመጣው አማቻቸው መኪናውን ሁለት ጎማ አስፋልቱ ላይ፣ ሁለት ጎማ ጎረቤት ሣር ላይ አቁሟል። ከአደባባዩ ሲታጠፍ በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው ሳንድዊች ይዞ፣ መሪውን በጉልበቱ ሲያዞር አይቼዋለሁ።

"የእኔ ቃል አያስፈልገውም ጋሼ" አልኳቸው። "እንዲህ እየነዳ ከቀጠለ ራሳቸው መጥተው ይወስዱታል።"

"አሜን!" አሉ ጋሼ ሙሉጌታ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው።